የቤተሰብ ዓምድ፦ ለምን ወደቀ?

ልጆቻችን ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጠው አውሮፕላን ሲያበሩ ስናይ «ጊዜ ማባከን ነው» ማለት ይቀናናል። ይሁን እንጂ ጨዋታ ሁሉ አንድ አይደለም።

አሜሪካዊው ኦስቲን ማየር ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው «ኤክስ-ፕሌን» ተጫዋቹ የራሱን አውሮፕላን ነድፎ እንዲሞክር ያስችላል። የክንፉን ርዝመት፣ የጅራቱን ስፋት፣ የሞተሩን ጉልበትና የክብደቱን ማዕከል የሚወስነው ነዳፊው ነው። ፕሮግራሙ ክንፉን በትናንሹ ከፋፍሎ አየር በእያንዳንዱ ክፍል ላይ የሚያሳርፈውን ኃይል በየቅጽበቱ ያሰላል። ስለሆነም አውሮፕላኑ የሚታዘዘው ለነዳፊው ምኞት ሳይሆን ለቅርጹና ለክብደቱ ነው። ክብደቱ ከልክ በላይ ወደ ጅራቱ ካደላ አፍንጫው ሽቅብ ይላል፤ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ክንፉ የማንሳት ኃይሉን ያጣል፤ ይወድቃል።

ቁም ነገሩ ከውድቀቱ በኋላ ያለው ነው። አምስት ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ልጅ የትኛው እንደበጀው አያውቅም። አንዱን ብቻ ለውጦ ውጤቱን በደብተር የመዘገበ ግን ጨዋታውን ወደ ምርምር ለውጦታል። ራይት ወንድማማቾችም እ.ኤ.አ. በ1901 ሞተር አልባ አውሮፕላናቸው የጠበቁትን ያህል አልነሣ ቢላቸው፣ ነፋስ የሚነፍስበት ሣጥን ሠርተው ወደ 200 የሚጠጉ ትናንሽ ክንፎችን ፈተኑ፤ በ1903 በሞተር ኃይል በረሩ።

ስለዚህ እናት በቤት፣ አባትም ከግዳጁ ሥፍራ ሲደውል፣ «አሁንም ወደቀብህ?» ከማለት «ለምን ወደቀ? ምን ለወጥህ?» ብለው ይጠይቁ። መልስ ያለው ልጅ እየተማረ ነው፤ መልስ ላጣው ደብተርና እርሳስ ያቀብሉት።