«መጀመሪያ ተው፣ ከዚያ ና» የሚለው አሠራር ይቁም

ለነቀምቴና ለወለጋ ከተሞች የጤና ኃላፊዎች፣ የመሥሪያ ቤት አለቆች፣ የእድር ዳኞች፣ የአገር ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች



ይህን ደብዳቤ የጻፍኩላችሁ መጠጥ ያሸነፈው ሰው ደጃችንን ሲያንኳኳ ስለምናደርግለት አቀባበል ነው። ጤና ተቋም ሲመጣ «ስካሩ ሲለቅህ ና» ይባላል። መሥሪያ ቤቱ ማስጠንቀቂያ ይጽፍለታል፤ ቀጥሎ ስንብት። ሽማግሌ ፊት ሲቀርብ «ሁለተኛ አልቀምስም» ብሎ እንዲምል ይደረጋል። ቤተ እምነት ሲሄድ፣ ስሙ ባይጠራም ማን እንደሆነ ሁሉም እያወቀ ይሰበክበታል። የአራቱም ደጆች ቃል አንድ ነው፤ መጀመሪያ ተው፣ ከዚያ ና። መተው የቻለ ሰውማ ምን ሊያደርግ ይመጣል?

ይህ አሠራር ከማሳፈርም አልፎ ሕይወት ለአደጋ እንደሚያጋልጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ጧት ሥራ ከመግባቱ በፊት ሁለት መለኪያ አረቄ ካልቀመሰ እጁ የማይረጋ አንድ ጎረቤት ነበረኝ። ቤተሰቡ ሽማግሌ ሰበሰበ፤ እሱም ማለ። ከልቡ ነበር የማለው። በማግስቱ ቡና ሲሰጡት ሲኒውን ወደ አፉ ማድረስ አቅቶት ደረቱ ላይ ደፋው። ሌሊቱን አንዘፈዘፈው። በሦስተኛው ሌሊት በላብ ተጠምቆ «ግድግዳው ላይ ሰዎች አሉ» እያለ ይጮህ ጀመር። ቤተሰቡ ክፉ መንፈስ ነው ብሎ ሲጨነቅ ቆይቶ ሐኪም ጋ አደረሰው፤ ተረፈም። ካርድ ሲያወጣ ግን ከጀርባው «ይሄማ አረቄው ጎድሎበት ነው» ብሎ የሳቀ ነበር። ለክትትል ተመልሶ አልሄደም።

ያን ሰው የያዘው መንፈስ አልነበረም። ለዓመታት በየቀኑ በብዛት የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ውስጥ ሊያንዘፈዝፈው ይችላል፤ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ መቃዠት፣ ትኩሳትና የልብ ምት መፍጠን ሊከተል ይችላል። ካልታከመ ሊገድል ይችላል። ሕክምናው ግን የታወቀ ነው፤ እንደ ዳያዜፓም ያለ መድኃኒት፣ ቫይታሚን ቢ1፣ ፈሳሽ እና የቅርብ ክትትል። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሰው የጤና ባለሙያ ሳያየው በአንድ ቀን «ተው» ብሎ ማስማል፣ በቀና ልብ የሚፈጸም ትልቅ አደጋ ነው።

በመጠጥ ችግር ማፈርና ከሕክምና መራቅ በአገራችን ተጠንቷል። በጉራጌ አካባቢ በሶዶ ወረዳ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከባድ የመጠጥ ችግር ካለባቸው ሰዎች መካከል 87 በመቶው አንድም ቀን ሕክምና ፈልገው አያውቁም። 70 በመቶው ደግሞ በራሳቸው አብዝተው የሚያፍሩና ራሳቸውን የሚንቁ ነበሩ። ሕክምና ያልፈለጉበትን ምክንያት ሲጠየቁ በራሴ እወጣዋለሁ፣ በጊዜ ብዛት ይለቀኛል፣ የት እንደሚኬድም አላውቅም ያሉት ብዙ ናቸው። ከተማችን ከዚህ የተለየች ናት ብሎ የሚከራከር ያለ አይመስለኝም።

በወለጋ ደግሞ ሸክሙ ድርብ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በዘለቀው ግጭት ቤቱን ያጣ፣ ዘመዱን የቀበረ፣ ተፈናቅሎ ከተማ የገባ ብዙ ነው። እንቅልፍ ያጣ ሰው አረቄ ሲጠጣ ለጊዜው ያሸልበዋል፤ ውሎ ሲያድር ግን እንቅልፉን ይነሳዋል፣ ድብርቱን ያባብሰዋል። «ሰካራም» ሲባል ከሰው ይርቃል፤ ብቻውን ሲሆን ደግሞ ይብስበታል። መጠጥና ድብርት አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ራስን የማጥፋት አደጋ ከፍ ይላል። በወንጌላውያን ቤተሰብ ውስጥ ያደገ ሰው ደግሞ መጠጥ አጥብቆ የሚነቀፍበት ቤት ስለሆነ ችግሩን ለገዛ እናቱ እንኳ አይናገርም። አረቄ እያወጣች ልጆቿን የምታሳድግ ሴት መጠጡ ቢይዛት ወንድ ከሚደርስበት ነቀፋ የባሰ ይደርስባታል፤ ስለዚህ ተደብቃ ትጠጣለች።

ጠጥቶ ሚስቱን የሚደበድብ፣ የልጆቹን ጉሮሮ ዘግቶ ደመወዙን አረቄ ቤት የሚጨርስ ሰው መኖሩን አልክድም። ላጠፋው ይጠየቅ። ሰክሮ ሥራ መግባትም በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተከለከለ ነው፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን መጠየቅ ሌላ፣ ማዋረድ ሌላ። አዋጁ ሠራተኛን ከማሰናበት በፊት «ታክመህ ና» ማለትን አልከለከለም። የተደበደበችው ሚስትም ብትሆን የምትፈልገው ባሏ እንዲድንና እጁን እንዲሰበስብ ነው፤ አደባባይ ላይ መዋረዱ ለእሷ የሚፈይደው የለም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን እንድትገለብጡት እጠይቃችኋለሁ። መጀመሪያ ይምጣ፤ መተውን እኛው ጋ ሆኖ ይጀምር።

የጤና ኃላፊዎች፤ አእምሮ ሐኪም እስኪመጣ አትጠብቁ። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የ10 ጥያቄዎች መጠይቅ አለ፤ የሠለጠነ ነርስ ወይም ጤና መኮንን ጤና ጣቢያ ውስጥ ሆኖ በጥቂት ደቂቃ ይጨርሰዋል። ወድቆ ተፈንክቶ የመጣውን ሰው ሰፍታችሁ ከመሸኘታችሁ በፊት ስለ መጠጡ በአክብሮት ጠይቁት። አዲስ አበባ፣ አማኑኤል ሆስፒታል ሂድ ማለት ከነቀምቴ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው፤ ብዙው ሰው የመሳፈሪያም የለውም። በካርድ ክፍልም ሆነ በኮሪደር የታካሚን ገመና የሚያወራ ሠራተኛ ይጠየቅ።

የመሥሪያ ቤት አለቆች፤ ከስንብት ደብዳቤ በፊት የሕክምና ፈቃድ ስጡ፤ ምስጢሩንም ጠብቁ። ሽማግሌዎችና የእድር ዳኞች፤ ከማስማላችሁ በፊት ወደ ጤና ተቋም ይዛችሁት ሂዱ፤ ቃሉን ሐኪም ካየው በኋላ ይግባ። ቃሉን ቢያፈርስም አታባርሩት፤ ማገርሸት የዚህ ሕመም ጠባይ ነውና ደግሞ መሞከር አለበት። የሃይማኖት አባቶች፤ ስካርን ገሥጹ፤ ሰካራሙን ግን ለብቻው ጠርታችሁ አነጋግሩት። ጸሎቱና ጸበሉ ይቀጥል፤ መድኃኒቱን ግን አታስጥሉት።

ይህን ለመጀመር አዲስ በጀትም አዲስ ሕንፃም አያስፈልግም። ከነገ ጀምሮ እጁ እየተንቀጠቀጠ ደጃችሁ የሚመጣውን ሰው «ግባ፣ ተቀመጥ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?» በሉት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የነቀምቴ ነዋሪ