ሳያነቡ «ቀጥል» ማለት

ባለፈው ወር በዚሁ ዓምድ፥ ያረጀ ኮምፒዩተር ወደ ዕቃ ቤት ከመጣሉ በፊት ሌላ ዕድል ሊሰጠው እንደሚገባ ጽፈን ነበር። ከዚያ ወዲህ በገበያ መንገድም በቤተ ክርስቲያን ቅጽርም ያገኙን ወላጆች፥ «ኡቡንቱ የሚባለውን ለልጆቻችን አስጫንን፤ የግራፊክሱን ድራይቨር ደግሞ ከየት አምጥተን እንጫን?» ሲሉ ጠይቀውናል። ጥያቄው የተገባ ነው። ነገር ግን መልሱን ከመስጠታችን አስቀድሞ እኛ ራሳችን በዚሁ ነገር የሠራነውን ስሕተት መናገር ግድ ይለናል፤ የራሱን ግድፈት ሸሽጎ የተማሪውን የሚያርም መምህር ትምህርቱ ፍሬ አያፈራምና።

በመጀመሪያ ድራይቨር ማለት ምን እንደ ሆነ እንግለጽ። በኮምፒዩተር ውስጥ ፊደሉንና ሥዕሉን እያዘጋጀ ወደ ስክሪኑ የሚልክ አካል አለ፤ ስሙም የግራፊክስ ካርድ ይባላል። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ደግሞ የሥራው ሁሉ አዛዥ ነው። አዛዡና ካርዱ ግን ቋንቋቸው አንድ አይደለም። በመካከላቸው ቆሞ የአንዱን ቃል ለሌላው የሚያስረዳው አስተርጓሚ ድራይቨር ነው። ዳኛና ባለጉዳይ በቋንቋ በማይግባቡበት ችሎት አስተርጓሚው ቢሳሳት ፍርዱ እንደሚጣመም ሁሉ፥ ድራይቨሩም ካርዱን የማያውቅ እንደ ሆነ ሥዕሉ ይደበዝዛል፤ ፊልሙ ይቆራረጣል፤ አንዳንድ ጊዜም ስክሪኑ ፈጽሞ ይጨልማል።

ካርዱም ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተሠራ ነው፤ በየቢሮውና በየትምህርት ቤቱ የምናያቸው ኮምፒዩተሮች አብዛኞቹ እንዲህ ያለውን የያዙ ናቸው። ሁለተኛው ለብቻው ተሠርቶ የሚሰካ ነው፤ ይህንም ቪዲዮ የሚያቀናብሩ፥ የሕንፃ ንድፍ የሚሠሩና ጌም የሚጫወቱ ሰዎች ይፈልጉታል።

በዊንዶውስ ያደግን ሰዎች አንድ ልማድ አለን፤ ኮምፒዩተሩ ታድሶ በተነሣ ቁጥር የድራይቨር ሲዲ ፍለጋ እንወጣለን። በሊኑክስ ዘንድ ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። ሊኑክስን ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1991 በሄልሲንኪ ጀመረው፤ የአሠራሩም ጽሑፍ ለማንም የተገለጠ ስለ ሆነ በዓለም ዙሪያ ያሉ ባለሙያዎች እያነበቡ ያርሙታል፥ ይጨምሩበታልም። ዋናውን መጽሐፍ ለሚገለብጥ ሁሉ የሚያውስ፥ የተገኘበትንም ግድፈት በምስጋና የሚቀበል ጸሓፊ ቢኖር እርሱን ይመስላል። ማርክ ሻትልዎርዝ የተባለ ደቡብ አፍሪካዊ ባቋቋመው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የሚታደለው ኡቡንቱም በዚሁ በሊኑክስ ላይ የታነጸ ነው። የሊኑክስ እምብርት ከርነል ይባላል፤ አብዛኞቹም ድራይቨሮች አስቀድመው በዚያው ውስጥ ተካተው ይመጣሉ። እንግዲህ ስሕተታችን የተጀመረው ይህን በቃል እያወቅን በሥራ ስለ ዘነጋነው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመካነ ሰላም ብዙ በማይርቅ አንድ ትምህርት ቤት 9 አሮጌ ኮምፒዩተሮች ነበሩ። ዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አበቃ፤ ዊንዶውስ 11ን ለመቀበል ደግሞ ኮምፒዩተሮቹ ዕድሜያቸው አልፈቀደላቸውም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኮምፒዩተር መሰጠት ስለ ጀመረ፥ ማውዝ ነክቶ የማያውቅ ልጅ ወደ ፈተና እንዳይገባ መምህራኑ ሁሉ ይጨነቁ ነበር። ስለዚህ ኡቡንቱ 24.04ን ለመጫን ተስማማን። ፋይሉ ወደ 6 ጊጋባይት የሚጠጋ በመሆኑ በሞባይል ዳታ ማውረዱ ከአቅማችን በላይ ሆነ፤ ለጉዳይ ወደ ደሴ የወረደ ባልደረባችን በፍላሽ ይዞት በጉጉፍቱና በአቀስታ አድርጎ በአውቶቡስ አመጣልን።

በ8ቱ ላይ ጫንነው፤ ፊደሉ ጠርቶ፥ ስክሪኑ ሞልቶ ተነሣ። ድራይቨር የሚባል ነገር አልነካንም። 9ኛው የሚሰካ ካርድ ያለበት ነበር፤ እርሱም በከርነሉ ውስጥ ባለው ድራይቨር ያለ ችግር ተነሣ። ጽሑፍ ይጻፍበታል፥ ጥያቄ ይሠራበታል፤ ቪዲዮ ሲታይበት ብቻ ጥቂት ይንገጫገጭ ነበር። በዚህ ረክተን ብንተወው መልካም ነበር። እኛ ግን «ሥራው ሙሉ ይሁን» ብለን ከካርዱ ሠሪ ድረ ገጽ የመጨረሻውን አዲስ ድራይቨር አውርደን መጫን ጀመርን። የማን ሥራ እንደ ሆነ መናገር አያሻም፤ ጥፋቱ የእኛ ነውና። በመካከል አንድ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ወጣ። ተማሪዎች ከኋላችን ቆመው ነበርና የምናውቅ መስለን ለመታየት ሳንዘገይ «ቀጥል» የሚለውን ተጫንን። ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ሲነሣ ስክሪኑ እንደ ከሰል ጠቆረ።

በዚያ ኮምፒዩተር ላይ ተራቸውን ይጠብቁ የነበሩ 4 ልጆች ነበሩ። ከእነርሱ አንዷ ከዓባይ በረሃ አፋፍ ካለ ቀበሌ መጥታ፥ በከተማው ቤት ተከራይታ፥ ስንቋን በየሳምንቱ ከወላጆቿ እየተቀበለች የምትማር ልጅ ናት። ጥቂት ዝም ብላ ከቆየች በኋላ ደብተሯን ገልጣ፥

«መምህር፥ ያ የወጣው ጽሑፍ ‹ይህ ድራይቨር የዚህን ኮምፒዩተር ካርድ አይደግፍም› የሚል ይመስለኛል» አለችን።

የእንግሊዝኛውን ቃል ትርጕሙን ኋላ ለመፈለግ ብላ ቃል በቃል ገልብጣው ነበር። አነበብነው፤ እውነት ነው። ካርዱ አሮጌ፥ ድራይቨሩ ደግሞ ለአዳዲስ ካርዶች የተሠራ ነበር።

«ታዲያ ያን ጊዜ ለምን ዝም አልሽ?» ብንላት፥

«እርስዎ አንብበውት የቀጠሉ መስሎኝ ነው» ስትል መለሰችልን።

ይህ መልስ ከጠቆረው ስክሪን ይልቅ አሳፈረን። ተማሪ በመምህሩ ፊት ዝም ማለቱ ጨዋነት ነው ብለን እያስተማርን፥ ያ ዝምታ የእኛን ስሕተት እንዲሸፍን አድርገነዋል።

በዚያ ቀን መብራት ስለ ሄደ በማግሥቱ ተመለስን። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ሺፍት የሚለውን ቁልፍ ተጭነን በመቆየት የማስነሻውን ዝርዝር አወጣን፤ በአዳዲሶቹ ኮምፒዩተሮች ይህ የሚሆነው ኢስኬፕ የሚለውን ቁልፍ በመጫን ነው። ከዚያም «ሪከቨሪ ሞድ» የሚለውን መርጠን ገባን። ልጅቱ እያንዳንዱን ጽሑፍ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነባለች፤ እኛ እንጽፋለን። የጫንነውን ድራይቨር በራሱ ማራገፊያ አወጣነው፤ የቀድሞውን ድራይቨር እንዳይሠራ ያገደውን ትእዛዝም ሰረዝን። ኮምፒዩተሩን እንደ ገና ብናስነሣው ሥዕሉ ተመለሰ። ቪዲዮው አሁንም ጥቂት ይንገጫገጫል፤ 4ቱ ልጆች ግን ልምምዳቸውን ቀጠሉ።

እንግዲህ ለጠየቃችሁን ወላጆች መልሳችን የሚከተለው ነው።

አንደኛ፥ ከመጫን በፊት ካርዱን ዕወቁ። በኡቡንቱ «ሴቲንግስ» ውስጥ «አባውት» የሚለው ገጽ የካርዱን ስም ይነግራችኋል። ኢንቴል ቢሆን ምንም አትጫኑ፤ ድራይቨሩ በከርነሉ ውስጥ አለ። ኤኤምዲ ቢሆንም አብዛኛውን ጊዜ እንዲሁ ነው፤ የአዳዲስ ካርዶቹ ድራይቨር እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ከከርነሉ ጋር አብሮ ይመጣል። ሲስተሙ በየጊዜው ሲታደስ ድራይቨሩም አብሮ ይታደሳል።

ሁለተኛ፥ ካርዱ የኤንቪዲያ ቢሆን ማስተዋል ያስፈልጋል። ይህ የአሜሪካ ኩባንያ የካርዶቹን አሠራር ለብዙ ዓመታት ለሊኑክስ ሠሪዎች ሳይገልጥ ስለ ቆየ፥ በጎ ፈቃደኞች የካርዶቹን ጠባይ በመመርመር ኑቮ የተባለ ድራይቨር ሠሩ፤ እርሱም እ.ኤ.አ. በ2010 በከርነሉ ውስጥ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2012 ቶርቫልድስ ራሱ በአገሩ በተደረገ ስብሰባ ላይ ኩባንያውን በአደባባይ በብርቱ ቃል ዘልፎታል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 የድራይቨሩን የከርነል ክፍል ጽሑፍ ገለጠ፤ ነገር ግን ይህ የሚያገለግለው ቱሪንግ ከተባለው የ2018 ትውልድ ወዲህ ላሉት ካርዶች ነው። ወደ እኛ አገር በእርዳታና በሁለተኛ እጅ የሚመጡት ብዙዎቹ ግን ከዚያ የቀደሙ ናቸው። ለአሮጌ ካርዶች ይሰጡ ከነበሩት ድራይቨሮች መካከል 340 የተባለው ድጋፍ በ2019፥ 390 የተባለው በ2022፥ 470 የተባለው በ2024 እ.ኤ.አ. አብቅቷል። ካርዳችሁ ከእነዚህ ወገን ከሆነና ለጽሑፍና ለትምህርት ብቻ የምትፈልጉት ከሆነ በኑቮ መቆየት ይሻላል።

ሦስተኛ፥ ካርዱ አዲስ ሆኖ የኩባንያውን ድራይቨር መጫን ቢያስፈልግ፥ ከድረ ገጽ አታውርዱ። «ሶፍትዌር ኤንድ አፕዴትስ» በሚለው ውስጥ «አዲሽናል ድራይቨርስ» የሚል ክፍል አለ፤ በዚያ «ሪኮሜንድድ» ተብሎ የተመለከተውን ምረጡ። ይህ ለካርዱ የተስማማ ነው፤ ከርነሉ በታደሰ ጊዜም አብሮ ይሰናዳል። ከድረ ገጽ የመጣው ግን ዛሬ ቢሠራ እንኳ ከርነሉ በሚታደስበት ቀን ስክሪኑን ሊያጨልም ይችላል። ኢንተርኔት ለሌላችሁም መላ አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ2019ኙ 19.10 ወዲህ የኤንቪዲያ ድራይቨሮች ከመጫኛው ፋይል ጋር አብረው ይመጣሉና፥ ኡቡንቱን ስትጭኑ ለግራፊክስና ለዋይፋይ የሚሆነውን ተጨማሪ ሶፍትዌር የሚጠይቀውን ቦታ ምልክት አድርጉበት።

አራተኛ፥ «ሴኪዩር ቡት» የሚባለው ጥበቃ ያለበት ኮምፒዩተር በጭነቱ ጊዜ የይለፍ ቃል አውጡ ይላችኋል። ቃሉን በወረቀት ጻፉት። ኮምፒዩተሩ እንደ ገና ሲነሣ በሰማያዊ ገጽ ላይ ያንኑ ቃል ይጠይቃችኋል፤ «ኤንሮል ሞክ» የሚለውን መርጣችሁ ካላስገባችሁት ድራይቨሩ ተጭኖም አይሠራም። ብዙ ሰው ይህን ገጽ ሳያነብ ስለሚያልፈው ድራይቨሩ የተበላሸ ይመስለዋል።

አምስተኛ፥ መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት አትጀምሩ፤ ላፕቶፕ ቢሆን ባትሪው ይሙላ። በመካከል ቢቋረጥባችሁም ተስፋ አትቁረጡ፤ በዚያው በሪከቨሪ ዝርዝር ውስጥ በግማሽ የቀሩትን ጭነቶች የሚጠግን ምርጫ አለ።

ስድስተኛውና ዋነኛው፥ በስክሪኑ ላይ የወጣውን ጽሑፍ ሳታነቡ «ቀጥል» አትበሉ። ቋንቋው ቢቸግራችሁ ልጃችሁን ጠርታችሁ አስነብቡት። ልጁ ሊያውቀው፥ አባት ላያውቀው የሚችል ነገር በዚህ ዘመን ብዙ ነው። ልጅ በአባቱ ፊት «ይህ ስሕተት ነው» ለማለት ድፍረት እንዲያገኝ ደግሞ አስቀድሞ መንገዱን መክፈት ያለበት አባት ነው።

እኛም በበኩላችን በዚያ ትምህርት ቤት አዲስ ሥርዓት አቁመናል። አንዱ ሲጫን አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሦስተኛው የተደረገውን ሁሉ በደብተር ይጽፋል፤ አንባቢው «ቆይ» ካለ መምህርም ቢሆን እጁን ያነሣል። ያቺ ልጅ የመጀመሪያዋ አንባቢ ናት። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ሲሉ የተናገሩት ለካህን ብቻ መስሎን ኖረን ነበር፤ ለእኛም እንደ ተነገረ ከጠቆረው ስክሪን ፊት ቆመን ተረዳነው።