ከውኃ የሚወጣ አሞኒያ፦ ከካታሊስቱ በፊት ልኬቱ

የዩሪያ ማዳበሪያ የሚሠራበት አሞኒያ ዛሬም በአመዛኙ የሚመረተው ፍሪትዝ ሃበር በቤተ ሙከራ ባሳየውና ካርል ቦሽ እ.ኤ.አ. በ1913 በጀርመን ኦፓው ወደ ፋብሪካ ባሳደገው ስልት ሲሆን፣ ይህም ናይትሮጂንንና ሃይድሮጂንን ከ400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚበልጥ ሙቀትና በከፍተኛ ግፊት ማዋሐድን ይጠይቃል። ሃይድሮጂኑ በብዛት የሚወጣው ከተፈጥሮ ጋዝና ከድንጋይ ከሰል በመሆኑ፣ ናይትሮጂንን ውኃ ውስጥ በተነከረ ኤሌክትሮድ ላይ በኤሌክትሪክ ወደ አሞኒያ የመለወጥ ሐሳብ የብዙዎችን ቀልብ መሳቡ አያስገርምም። የሚያስገርመው፣ ምርቱ በቅጡ ሳይለካ አዳዲስ ካታሊስቶችን፣ ማለትም ራሳቸው ሳያልቁ ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥኑ ቁሶችን፣ ለማወደስ የሚታየው ጥድፊያ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከውኃው ነው። ናይትሮጂን ጠንካራ ትስስር ያለውና በውኃ ውስጥ እጅግ ጥቂት ብቻ የሚሟሟ ጋዝ ሲሆን፣ ውኃው ግን ሃይድሮጂን ለመሆን የተዘጋጁ ፕሮቶኖችን ያለ ስስት ስለሚያቀርብ፣ አብዛኛው ኤሌክትሪክ ወደ ሃይድሮጂን ጋዝ ይሄዳል። ለተፈለገው ምርት የዋለው የኤሌክትሪክ ድርሻ «የፋራዳይ ብቃት» ይባላል፤ በውኃ ውስጥ ይህ ቁጥር አነስተኛ ከመሆኑም በላይ ብዙ ጊዜ አስተማማኝ አይደለም።

ምክንያቱም የሚገኘው አሞኒያ ከማነሱ የተነሣ የተመራማሪው ትንፋሽ፣ የእጅ ጓንቱ፣ የሚያጣራው ስስ ገለፈት፣ ናይትሮጂን ጋዙ ውስጥ የተደበቀ የናይትሮጂን ኦክሳይድ ቆሻሻ ሳይቀር ያንኑ ያህል ንባብ ሊሰጡ ይችላሉ። መፍትሔው የታወቀ ነው፦ በናይትሮጂኑ ፋንታ አርጎን አሳልፎ ባዶ ሙከራ ማድረግ፣ ከዚያም ክብደቱ ከተለመደው የሚበልጠውን ናይትሮጂን 15 አይሶቶፕ በማስገባት፣ በአሞኒያው ውስጥ መገኘቱን ማረጋገጥ። የዴንማርክ ቴክኒካል ዩኒቨርሲቲና የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ይህን ጥብቅ ሥርዓት በ«ኔቸር» መጽሔት ሲያወጡ፣ ፈተናውን ያለፈው በውኃ ውስጥ የተሞከሩት ንጹሕ ብረቶች ሳይሆኑ፣ ሊቲየም ውኃ በሌለበት ፈሳሽ ውስጥ የሚሠራበት መንገድ ነበር። ሊቲየም በክፍል ሙቀት ናይትሮጂንን ይይዛል፤ ፕሮቶኑ ደግሞ ከአልኮል በጥቂት በጥቂቱ ይቀርባል። ዋጋው ግን ቀላል አይደለም፤ ሊቲየሙን በኤሌክትሪክ ለማንጠር የሚያስፈልገው ቮልቴጅ ከፍተኛ ነውና።

እንግዲህ የውኃውን መንገድ የሚያሻሽል ሰው ፕሮቶን ወደ ኤሌክትሮዱ የሚደርስበትን ፍጥነት ቢገታ፣ ጋዙንም ውኃ በማያርሰው ቀዳዳማ ኤሌክትሮድ በኩል ቢያስገባ ይበጃል፤ ሆኖም ተፎካካሪው የተፈጥሮ ጋዝ ፋብሪካ ብቻ አይደለም። የአስዋኑ የኪማ ፋብሪካ በዓባይ ኃይል ውኃን በኤሌክትሪክ ሰንጥቆ ሃይድሮጂን ካወጣ በኋላ በሃበር ስልት አሞኒያ ሲያመርት ለአሥርት ዓመታት ስለ ሠራ፣ አዲሱ ዘዴ በእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት መብለጥ ያለበት ይህንኑ ጥምረት ነው።