መነጽር ዐይን ውስጥ ሲገባ

በመሥሪያ ቤታችን የመዝገብ ቤት ጸሐፊ የሆነ አንድ ወጣት ሰሞኑን ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፤ «ጋሼ፥ መነጽሬን ልገላገለው ነው፤ ዐይን ውስጥ የሚገባ ሌንስ አለ አሉኝ» አለ። ልጁ መነጽሩን ካወለቀ አለቃውን ከበሩ መቃን አይለይምና ምኞቱ አያስፈርድበትም። ሆኖም ከመቸኮሉ በፊት ያጫወትኩትን ለአንባቢዎቼም ልንገር።

ሐሳቡ ቆየት ያለ ነው። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1949 ዓ.ም. ሃሮልድ ሪድሊ የተባሉት እንግሊዛዊ ሐኪም፥ ሞራ ከወጣለት ዐይን ውስጥ ሰው ሠራሽ ሌንስ አኖሩ። በ1953 ደግሞ ጣሊያናዊው ስትራምፔሊ የተፈጥሮውን ሌንስ ሳይነኩ፥ ሩቅ ማየት ለተሳነው ሰው ተጨማሪ ሌንስ ከፊቱ አስገቡ። በባርሴሎና ሆአኪን ባራኬር ይህንኑ ከ200 በሚበልጡ ዐይኖች ላይ ሠሩ። ደስታው አልቆየም፤ ከጊዜ በኋላ ከግማሽ የሚበልጡትን ሌንሶች መልሶ ማውጣት ግድ ሆነ።

ምን ደረሰ? ከዐይን ፊት ያለው መስተዋት መሳይ ክፍል ኮርኒያ ይባላል። ከውስጥ በኩል አንድ ረድፍ ሕዋሳት ተነጥፈውለታል፤ ሥራቸው ውኃውን እየሳቡ ኮርኒያው ጥርት ብሎ እንዲኖር ማድረግ ነው። በወጣት ሰው በአንድ ካሬ ሚሊሜትር 3,000 ያህል ይሆናሉ፤ የሞተው ግን አይተካም። የዚያን ጊዜው ጠንካራ ሌንስ ለእነርሱ እጅግ የቀረበ ነበርና ጨረሳቸው፤ ኮርኒያው ደፈረሰ።

ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ለስላሳ ሌንስ ተጠቅልሎ በ3 ሚሊሜትር ገደማ ስንጥቅ ይገባና ከአይሪስ፥ ማለት የዐይን ቀለም ከሚታይበት ክፍል፥ ጀርባ ይቀመጣል። እዚያም ቢሆን ጭንቁ የልክ ነው። በሁለቱ ሌንሶች መካከል ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ይፈለጋል። ክፍተቱ ሲጠብ የተፈጥሮው ሌንስ ሞራ ሊያበጅ ይችላል፤ ከልክ በላይ ሲሰፋ አይሪሱ ወደ ፊት ተገፍቶ የዐይን ውኃ መውጫውን ይዘጋል፤ ግፊት ይጨምራል፤ ግላኮማም ነርቩን ይገድላል። ጫማ ቢሆን ተለክቶ ይመለሳል፤ የዚህ ግን እርግጠኛ ልኩ የሚታወቀው ከገባ በኋላ ነው፤ አንዳንዴም በሁለተኛ ቀዶ ሕክምና መለወጥ ያስፈልጋል። በ2022 አሜሪካ የፈቀደችው ዐይነት መካከሉ ላይ 0.36 ሚሊሜትር ቀዳዳ ስላለው ውኃው ያልፋል፤ ሞራውም በጣም ቀንሷል። በሌሊት በመብራት ዙሪያ የብርሃን ቀለበት ማየት ግን አልቀረም።

ሌላም አለ። መነጽሩ ቢወርድም፥ ረዝሞ ያደገ ዐይን እንደ ረዘመ ይቀራል፤ ከጀርባው ያለው ሬቲና ሳስቶ ሊላቀቅ ይችላል። በድንገት ብልጭታና ጥቋቁር ነጠብጣብ ያየ ሰው ያንኑ ቀን ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት።

«ታዲያ ልተወው?» አለኝ ልጁ።

«አላልኩም፤ ብዙ ሰው ተጠቅሞበታል። ግን ሕዋሳትህ ስንት እንደ ሆኑ፥ ከአይሪሱ ፊት ያለው ክፍተት ጥልቀቱ ምን ያህል እንደ ሆነ፥ በየዓመቱ የሚመረምርህም ማን እንደ ሆነ አስቀድመህ ጠይቅ» አልኩት።

ከኪሱ ወረቀት አወጣ፤ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ፥ አፍንጫው ወረቀቱን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው አጎንብሶ፥ ሦስቱንም ጻፈ።