አነስተኛ የኤሌክትሪክ ፒክአፕ ለአትክልት አምራቹ ገበሬ ያዋጣል?

በፎገራ ሜዳና በቆጋ መስኖ ዙሪያ አትክልት የሚያመርት ገበሬ ከበረዶና ከበሽታ ቀጥሎ የሚያሳስበው ነገር ቢኖር መኪና ነው። የተለቀመ ቲማቲም ቀጠሮ አያውቅም፤ በጊዜው ካልተጫነ ዋጋውን የሚቆርጠው አምራቹ ሳይሆን አይሱዙውን ይዞ ማሳ ዳር የቆመው ነጋዴ ነው። ነዳጅ በጠፋ ሰሞን የጭነት ዋጋ ይንራል፤ ጭማሪውም ዞሮ ዞሮ የሚቀነሰው ከገበሬው ኪስ ነው። ነዳጅ ማደያ የማያሰልፍ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ፒክአፕ ለገጠር ከተሞች ትልቅ ተስፋ መስሎ የሚታየው ለዚህ ነው።

የመንግሥት ፖሊሲም ወደዚያው ይገፋል። በ2014 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ከተጨማሪ እሴት፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነጻ ሆነዋል። የጉምሩክ ቀረጡም ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ ለሚገባ ተሽከርካሪ 15 በመቶ፣ በከፊል ተገጣጥሞ ለሚገባ 5 በመቶ ሆኖ፣ ተበታትኖ ገብቶ በአገር ውስጥ ለሚገጣጠም ደግሞ ጨርሶ ተነሥቷል። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ይፋ ተደረገ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውና 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው የዓባይ ግድብ ሲጨመርበት፣ በውጭ ምንዛሪ ከሚገዛ ናፍጣ ይልቅ በአገር ወንዝ ጉልበት መንቀሳቀስ የሚለው ሐሳብ ለመቃወም ያስቸግራል።

በወጪ በኩል ያለው ብልጫም ግልጽ ነው። 100 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 10 ሊትር ናፍጣ የሚጠጣ ፒክአፕ፣ ሊትሩ በ100 ብር ብቻ ቢታሰብ እንኳ፣ 1,000 ብር ያስወጣል። ጭነት ያለበት የኤሌክትሪክ ፒክአፕ በዚያው መንገድ 35 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢፈጅና የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ በ10 ብር ቢሰላ ወጪው 350 ብር ነው። የኤሌክትሪክ ታሪፉ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ቢሆንም ልዩነቱን የሚያጠፋው አይደለም። በዚህ ላይ የሞተር ዘይት፣ ፊልትሮና ፍሪሲዮን የሚባል ወጪ የለም።

ብዙ ጊዜ የማይነሣ ሌላ ጥቅም አለ። ተርቦ የሌለው የነዳጅ ሞተር በየ1,000 ሜትር ከፍታ 10 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል፤ አየሩ ስስ ነውና። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር፣ ደብረ ታቦር ደግሞ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንደሚገኙ ሲታሰብ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማያቃጥል በደጋም በቆላም ጉልበቱ ያው ነው። ቁልቁለት ሲወርድ ደግሞ ሞተሩ ራሱ እየያዘው ለባትሪው ኃይል ይመልሳል፤ ፍሬኑም ብዙ አይበላም።

አንዳንዶቹ ፒክአፖች ከባትሪያቸው ወደ ውጭ ኃይል የሚሰጥ ሶኬት አላቸው። ለመስኖ ገበሬ ይህ ከመኪናው የማይተናነስ ነገር ነው። ለውሃ መሳቢያ ሞተር ቤንዚን በጀሪካን ለመቅዳት የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ የተመላለሰ ሰው ትርጉሙ ይገባዋል፤ የፓምፑ መጠን ከሶኬቱ ዐቅም ጋር ከተመጣጠነ ማሳ ዳር የቆመ ፒክአፕ ውሃ ሊስብ ይችላል።

ችግሩ የሚጀምረው ጭነት ሲመጣ ነው። በአገራችን ፒክአፕ የሚለካው በኩንታል ነው፤ ባትሪ ደግሞ ራሱ ጭነት ነው። ቶዮታ በ2025 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ያስተዋወቀው የኤሌክትሪክ ሃይሉክስ 59.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ይዞ የሚጭነው 715 ኪሎ ግራም፣ ማለትም 7 ኩንታል ገደማ ነው፤ የናፍጣው ወንድሙ ግን 10 ኩንታል ገደማ ይሸከማል። በአንድ ቻርጅ የሚጓዘውም በአምራቹ መለኪያ 240 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። በአሜሪካ ስሌት የተባለው ኩባንያ ያቀረበው ባለ ሁለት መቀመጫ አነስተኛ ፒክአፕ የጭነት ዐቅም ደግሞ 650 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ይህ በወረቀት ላይ ያለው ቁጥር ነው። እኛ ዘንድ በጭነቱ ላይ ሁለት ሦስት ሰው መሳፈሩ፣ ከዚያም ላይ ፍየል መጨመሩ የተለመደ ነው፤ የተጻፈው ርቀት በኮረኮንችና በዳገት ላይ እንደሚቀንስ አስቀድሞ ማሰብ ይገባል።

ስለዚህ ጥያቄው የት ለመሥራት ነው የሚለው ነው። 7,000 ሄክታር ገደማ እንዲያለማ ከተገነባው ከቆጋ መስኖ አጠገብ የምትገኘው መርዓዊ ከባሕር ዳር 35 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በቀን ሁለት ምልልስ 140 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሲመለስ ባዶውን ወይም ማዳበሪያ ይዞ ቢመጣ እንኳ እንዲህ ያለው ፒክአፕ ይወጣዋል። በደብረ ማርቆስ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መሄድ ግን ሌላ ነገር ነው። ከነጭነቱ 3 ቶን የሚመዝን ተሽከርካሪ ከዓባይ በረሃ ድልድይ 1,400 ሜትር ያህል ሽቅብ ለመውጣት ብቻ ከ11 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይፈልጋል፤ ከሃይሉክሱ ባትሪ አንድ አምስተኛው በአንድ ዳገት አለቀ ማለት ነው። ለዚህ መንገድ አይሱዙው ገና ብዙ ዘመን ተፈላጊ ሆኖ ይቆያል።

ቻርጁስ? በተራ የቤት መስመር በ3.5 ኪሎ ዋት የሚሞላ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ባዶ ከሆነ 17 ሰዓት ይፈጃል። ማታ ገብቶ ንጋት ላይ ለሚወጣ ሰው ይህ አይበቃም፤ መብራት በሚጠፋበት ሌሊት ደግሞ ጭራሹን አይሆንም። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው መፍትሔ ትልልቅ ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ ማቋቋም ነው። ለገጠር ከተሞች ግን ቀላሉ መንገድ ወፍጮ ቤት ሳይሆን አይቀርም። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ወፍጮ አብዛኛውን ጊዜ ባለ ሦስት ፌዝ መስመርና ቆጣሪ አለው፤ ሌሊት ደግሞ ሥራ ፈት ነው። ወፍጮው ያለው ግለሰብ ወይም የኅብረት ሥራ ማኅበር በዚያው መስመር ላይ ቻርጀር ቢያስገጥም መኪናው በስድስት ሰባት ሰዓት ይሞላል። ትራንስፎርመሩ ጭነቱን መቻሉን የኤሌክትሪክ አገልግሎት ባለሙያ አስቀድሞ ማረጋገጥ አለበት፤ በአንድ ፒክአፕ ምክንያት ሰፈሩ ሁሉ ጨለማ ውስጥ እንዳይገባ።

ክረምቱም የራሱ ፈተና አለው። የፎገራ ዋልካ አፈር ሲረጥብ ከባድ መኪና አይምርም፤ በወለሉ ሥር ባትሪ የተዘረጋለት ፒክአፕ ደግሞ ከመጠኑ በላይ ከባድ ነው። ባትሪው ውሃ እንዳያስገባ ቢታሸግም ድንጋይ ሥሩን ከመታው ጥገናው በመንደር ጋራዥ የሚያልቅ አይደለም። ባሌስትራ ቀጥቅጦ የሚያስተካክል፣ ካምቢዮ ፈትቶ የሚገጥም መካኒክ በየከተማው ሞልቷል፤ ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለው ባትሪ የሚከፍት ግን በጣም ጥቂት ነው። ያልሠለጠነ ሰው ቢነካው ደግሞ ሕይወት ያጠፋል።

ከሁሉም የሚከብደው የግዢው ዋጋ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በአንድ ዓመት ውስጥ የዶላር ዋጋ በብር ከእጥፍ በላይ ጨምሯል፤ የቀረጥ ቅናሹም የተሽከርካሪውን ዋጋ ለአንድ ገበሬ ዐቅም አላወረደውም። የሁለተኛ ደረጃ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ይዘው የሚያበድሩ ተቋማት ስላሉ ብድር አይገኝም ማለት አይደለም። አደጋው ግን እዚህ ላይ ነው። የናፍጣ ፒክአፕ ከ15 ዓመት በኋላም ገዢ አያጣም፤ ባትሪው የደከመ ፒክአፕ ምን ያህል እንደሚያወጣ የሚናገር የሁለተኛ እጅ ገበያ ግን በክልሉ ገና አልተፈጠረም። የማሳ ደብተሩን አስይዞ የገዛ ሰው ዕዳው ሳያልቅ ባትሪው ቢያልቅበት የሚያጣው መኪናውን ብቻ አይሆንም። ማኅበራትና ዩኒየኖች ለብዙ አባላት ተከፋፍሎ በሚከፈል ገንዘብ አንድ ሁለት ተሽከርካሪ ቢገዙ ጫናው ይቀልላል፤ መኪናውም ሥራ ፈትቶ አይውልም።

ለመግዛት የቆረጠ ሰው ከሻጩ ጋር ከመፈራረሙ በፊት በጽሑፍ ሊያገኛቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ዋስትናው ባትሪውን ለስንት ዓመትና ለስንት ኪሎ ሜትር ይሸፍናል፣ የባትሪው ዐቅም ከስንት በመቶ በታች ሲወርድ ይቀየራል፣ ቢበላሽ የሚጠገነው ባሕር ዳር ነው ወይስ አዲስ አበባ፣ እስከዚያ የሚያደርሰው የማጓጓዣ ወጪስ የማን ነው? ባትሪው የብረት ፎስፌት ዓይነት ከሆነ ከኒኬሉ ይልቅ ብዙ ጊዜ ተሞልቶ የመሥራት ዕድሜ አለው፤ በየቀኑ ለሚጭን ሰው የሚሻለውም ይኸው ነው።