ባሱ ሲመልስ
ጃዝ ስንሰማ ጆሯችን ሶሎ የሚጫወተውን ብቻ ይከተላል፤ ሳክስፎኒስቱ ሲጨርስ አጨብጭበን ተረኛውን እንጠብቃለን። ለእኔ ግን ዋናው ነገር ያለው አጃቢ የምንላቸው ሰዎች ዘንድ ነው። የሚጠራጠር ካለ፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 25 ቀን 1961 ኒውዮርክ ውስጥ ቪሌጅ ቫንጋርድ ክለብ የተቀረጸውን የፒያኒስቱ ቢል ኢቫንስ ትሪዮ ያዳምጥ፤ ፒያኖ፣ ባስና ድራም ብቻ። በዚያ ዘመን ባሲስት ሥራው በየምቱ አንድ ኖታ እየረገጠ ሌሎቹን ተሸክሞ መጓዝ ነበር። የትሪዮው ባሲስት ስኮት ላፋሮ ግን ሸክሙን አውርዶ ወደ ጨዋታው ይገባል፦ ኢቫንስ አንድ ሐረግ ጀምሮ ፋታ ሲወስድ በራሱ ዜማ ይመልስለታል፣ አንዳንዴ ይሞግተዋል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ዝም ይላል። ድራመሩ ፖል ሞሽን ደግሞ በብሩሾቹ ምቱን ከመቁጠር ይልቅ ጠቆም አድርጎ ያልፋል። ምቱን ጮክ ብሎ የሚጫወተው የለም፤ ሦስቱም በውስጣቸው ስለያዙት ግን አይጠፋም። (ቅጂው ላይ የብርጭቆ ኳኳታና የታዳሚው ወሬ ይሰማል፤ ምን እንዳመለጣቸው ባወቁ!) ኢምፕሮቫይዜሽንን “የመጣልህን ተጫወት” አድርገው የሚያስቡ ሰዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። የዘፈኑን ኮርድና ቅርጽ ሦስቱም ጠንቅቀው ባያውቁት ኖሮ ይህ ነጻነት ተራ ጫጫታ ይሆን ነበር። ከዚያም በላይ፣ ትሪዮው በስሙ የሚጠራው ኢቫንስ እጁን መቆጠብና ያልጠበቀውን መልስ መቀበል ነበረበት፤ ይህን የሚደፍር መሪ ብዙ አይገኝም። ላፋሮ ከዚህ ቀረጻ 11 ቀን በኋላ በመኪና አደጋ ሞተ፣ ገና 25 ዓመቱ ነበር። ኢቫንስም ለወራት ከመድረክ ራቀ።