የቤት ጥራጊ ዕዳ የማን ነው?

ከተማ ማለት ብዙ ሰው በጠባብ መሬት ላይ ተጠጋግቶ የሚኖርበት ስፍራ ስለ ሆነ፣ የአንዱ ቤት ጕድፍ ለሌላው ቤት ሕመም መሆኑ አይቀርም። በገጠር የሚኖር ሰው የጠረገውን ከጓሮው ደፍቶ ለእርሻው ማዳበሪያ ያደርገዋል። የከተማ ድኻ ግን ጓሮ የለውም። ስለዚህ የጠረገውን የሚያነሣለት ሠራተኛ፣ የሚያጓጕዝለት መኪና፣ በመጨረሻም የሚደፋበት መሬት ያስፈልገዋል። ይህም ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል። ገንዘቡ ከማን፣ በምን መለኪያ፣ በምንስ መንገድ ይሰብሰብ የሚለው ጥያቄ ለብዙዎች ተራ የማዘጋጃ ቤት ሒሳብ ሊመስላቸው ይችላል። ነገር ግን በኡጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ የሆነውን የተመለከተ ሰው፣ ጥያቄው የሰው ነፍስ ያለበት መሆኑን ሳያስተውል አይቀርም።

ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ማለት እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ኦገስት 10 ቀን 2024፣ ከካምፓላ በስተሰሜን በዋኪሶ አውራጃ የሚገኘው የኪቴዚ የቆሻሻ ክምር ከብርቱ ዝናም በኋላ ተናደ። ክምሩ በግርጌው የነበሩትን ቤቶች ከነነዋሪዎቻቸው ቀበረ፤ የሞቱትም ሰዎች ከ30 በላይ ሆኑ። ይህ ስፍራ ከ1996 ጀምሮ (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው) የከተማይቱን ጥራጊ ሲቀበል የኖረ ሲሆን፣ ሞልቶ መትረፉም ከአደጋው ብዙ ዓመት አስቀድሞ የታወቀ ነበር። አንድ ወር ተኩል ያህል ከቈየ በኋላ ፕሬዚዳንት ዩዌሪ ሙሴቬኒ የከተማይቱን አስተዳደር ዋና ሥራ አስፈጻሚና ሌሎች ሁለት ከፍተኛ ሹማምንት ከሥራቸው አሰናበቱ፤ ነገሩም ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። በሥራው የለገመ ቢኖር መጠየቁ ተገቢ ነው። የሆነ ሆኖ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ከሞት በኋላ የሚደረግ ሹም ሽር ክምሩ እንደዚያ ተራራ እስኪያህል የቈለለውን ምክንያት አያስወግደውም። ከምክንያቶቹም አንዱና ዋነኛው የጥራጊው ወጪ ሲከፈል የኖረበት ሥርዐት ነው።

ነገሩን በሚገባ ለመመልከት፣ በልዩ ልዩ አገሮች ያሉ ከተሞች ለዚህ ሥራ ገንዘብ የሚያገኙባቸውን መንገዶች አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል። በፈረንሳይ አገር ብዙ ከተሞች የጥራጊውን ግብር ከቤት ግብር ጋር አያይዘው፣ በቤቱ የኪራይ ግምት ልክ ያስከፍላሉ። በዚህ ዐይነት ትልቅ ቤት ያለው ብዙ፣ ትንሽ ቤት ያለው ጥቂት ይከፍላል። በኢጣልያ ከ2014 ጀምሮ ታሪ ተብሎ የሚጠራው ግብር የቤቱን ስፋትና በቤቱ የሚኖሩትን ሰዎች ቍጥር መሠረት ያደርጋል። ደቡብ ኮሪያ ደግሞ በ1995 መጀመሪያ ላይ ሌላ መንገድ ያዘች፤ ይኸውም ነዋሪው ማዘጋጃ ቤቱ የሚሸጠውን ልዩ ከረጢት እየገዛ ጥራጊውን በዚያ ብቻ እንዲያወጣ ማድረግ ነው። የማንሣቱ ዋጋ በከረጢቱ ዋጋ ውስጥ ስላለ፣ ብዙ የሚጥል ብዙ ይከፍላል፤ ተመልሶ ለሥራ የሚውለውን ወረቀትና ጠርሙስ ለይቶ ያወጣ ግን በዚያ አይከፍልም።

ከእነዚህ ሁሉ ለኅሊና ፈጥኖ የሚስማማው የኮሪያው ነው። «የጣለ ይክፈል» የሚለው ቃል እውነተኛ ፍርድ ይመስላል፤ በዚያም አገር የቤቶችን ጥራጊ በብዙ መቀነሱ የታወቀ ነው። ነገር ግን ሊዘነጋ የማይገባው አንድ ነገር አለ። በኮሪያ ከተሞች የጥራጊ መኪና ወደ ሁሉም ሰፈር ይደርሳል፤ ያለ ከረጢቱ የጣለም ይቀጣል። እንግዲህ ያልተከፈለበት ጥራጊ መሄጃ የለውም ማለት ነው። ዋጋውን ሥራ ላይ ያዋለው ይህ ነው። ያልተከፈለበት ጥራጊ በሌሊት የሚወረወርበት ቦይ ባለበት ከተማ ግን፣ ያው ዋጋ ለድኻው ቦዩን የሚያመለክት ምልክት ሆኖ ይቀራል።

ወደ ካምፓላ እንመለስ። ከተማይቱ በኮረብቶችና በሸለቆዎች ላይ የተሠራች ናት። በቅኝ ግዛት ዘመን ሁለት ከተሞች ጐን ለጐን ይኖሩባት ነበር። አንደኛው በእንግሊዞች ሕግ የሚተዳደረው፣ ግብር የሚከፈልበትና ጽዳት የሚደረግለት ክፍል ሲሆን፣ ሁለተኛው በቡጋንዳ ንጉሥ መንግሥት ሥር የነበረው ኪቡጋ የተባለው ክፍል ነው። የኪሴኒ ሰፈር ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ነበር። ካምፓላ ነጻነት በተገኘበት በ1962 የከተማነት ማዕርግ አገኘች፤ የሜንጎ ክፍልም በ1968 ከእርስዋ ጋር ተቀላቀለ። ይሁን እንጂ ወሰኑ ከካርታው ላይ ሲሰረዝ ከመሬቱ ላይ አብሮ አልተሰረዘም። ዛሬም ቢሆን ኮሎሎና ናካሴሮ ከኮረብታቸው ላይ ሲያምሩ፣ ጐርፉም ጕድፉም ወርዶ የሚያርፈው በሸለቆዎቹ ሰፈሮች ላይ ነው።

የ2000ው የከተማይቱ የደረቅ ቆሻሻ ደንብ፣ ጥራጊን ያወጣ ሰው በሚገባ የማስወገድ ኀላፊነት እንዳለበት ደነገገ። የማንሣቱም ሥራ በሰፊው ለግል ኩባንያዎች ተከፈተ፤ ኋላም ከተማይቱ በክፍል በክፍል ተመድባ ተሰጠቻቸው። ኩባንያው ገንዘቡን ከማዘጋጃ ቤት ሳይሆን ከነዋሪው ይቀበል ጀመር። በኮረብታው ላይ ያለው ባለ ግቢ በየወሩ እየከፈለ መኪናው እስከ በሩ ይመጣለታል። በሸለቆው ግን መንገዱ ጠባብ፣ ቤቱ የተጠጋጋ፣ የነዋሪውም ገቢ የዕለት ስለ ሆነ፣ ኩባንያ የሚጓጓለት ገበያ አይደለም። በዚያ ሰፈር የሚኖር ሰው ወይ የከተማው አስተዳደር መኪና የሚመጣበትን ቀን ይጠብቃል፤ ወይም ጥራጊውን በጆንያ አሥሮ፣ ተሸክሞ ለሚወስድለት ልጅ በጆንያው ቍጥር ጥቂት ሽልንግ ይከፍላል።

እንግዲህ በእጁ የሚከፍለው ሽልንግ ያላገኘው ሰው ምን ያደርጋል? የካምፓላ ሰው ዋና ምግብ ማቶኬ የሚባለው ሙዝ እንደ መሆኑ፣ ከቤቶቹ የሚወጣው ጥራጊ ከግማሽ በላይ የሙዝ ልጣጭና የመሰለው ርጥብ ነገር ነው። ይህ ደግሞ ይከብዳል፤ በሙቀትም ፈጥኖ ይሸታል። በአንዲት ክፍል ውስጥ ከነልጆችዋ የምትኖር እናት ይህን ጆንያ ሽልንግ እስክታገኝ ድረስ ከምድጃዋ አጠገብ ልታኖረው አትችልም። ስለዚህ ሲመሽ ከቦይ ይጣላል፤ ወይም ከነፕላስቲኩ ይቃጠላል። ይህን የምታደርገው ጽዳትን ስለ ጠላች አይደለም። የጆንያው ዋጋና የልጆችዋ እራት ከአንድ መቀነት የሚፈቱ ስለ ሆኑ ነው።

ከቦይ የተጣለውም በዚያ አይቀርም። በኪሴኒ በኩል የሚያልፈው የናኪቩቦ ቦይ የከተማይቱን እድፍ ሰብስቦ ወደ ቪክቶርያ ሐይቅ፣ መርቺሰን ወደሚባለው ወሽመጥ ይወስዳል። የከተማይቱም የመጠጥ ውሃ በጋባ በኩል የሚቀዳው ከዚሁ ወሽመጥ ነው። ውሃው በከበረ በከበረ ዋጋ ተጣርቶ ለሕዝቡ ይታደላል፤ ወሽመጡ በቆሸሸ መጠንም የማጣሪያው ወጪ ይጨምራል። ስለዚህ የኮረብታው ሰው «እኔ የራሴን ከፍያለሁ» ብሎ እጁን ሊታጠብ አይችልም። የጎረቤቱን ጆንያ ዋጋ ከጥራጊ ሒሳብ ቢቀንሰው፣ በውሃና በሕክምና ሒሳብ ይከፍለዋል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው የግብሩ ነገር ነው። በኡጋንዳ ይከፈል የነበረው የነፍስ ወከፍ ግብር በ2005 ቀረ። በ2006 ደግሞ የቤት ግብር ሕግ ተሻሽሎ፣ ባለቤቱ ራሱ የሚኖርበት ቤት ከግብር ነጻ ወጣ። ሁለቱም ውሳኔዎች በምርጫ ዘመን ሕዝብን ደስ የሚያሰኙ ነበሩ። ነገር ግን ውጤቱን ልብ ይሏል። በኮሎሎ ኮረብታ ባለ ብዙ ክፍል ቤት ሠርቶ ራሱ የሚኖርበት ባለጸጋ፣ በዚያ ቤት ለከተማይቱ የቤት ግብር አይከፍልም። ሙዚጎ የሚባሉትን ባለ አንድ ክፍል ቤቶች በረድፍ ሠርቶ የሚያከራይ ሰው ግን በሕጉ ግብር ከፋይ ነው፤ ግብሩንም ከኪራዩ ላይ ጨምሮ ከተከራዮቹ እንደሚያወጣው ለማንም የተሰወረ አይደለም። እንዲህ ከሆነ በሸለቆው ያለው ተከራይ በኪራዩ ውስጥ ግብር፣ በበሩ ላይ ደግሞ የጆንያ ዋጋ ሲጠየቅ፣ መኪናው ወደሚመላለስበት ኮረብታ ከተማይቱ ለግብር አትደርስም።

በዚህ ረገድ ከዐዲስ አበባ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ነው። ዐዲስ አበባ የጽዳቱን ክፍያ ከውሃ ሒሳብ ጋር አያይዛ መሰብሰብን መርጣ፣ ከመኖሪያ ቤት የውሃውን ሒሳብ 20 በመቶ፣ ከንግድና ከሌላው ድርጅት 42.5 በመቶ እንዲከፈል አደረገች። ጥራጊውን ከየቤቱ የሚሰበስቡት ማኅበራትም፣ ነዋሪውን በበሩ ላይ ገንዘብ ሳይጠይቁ ወደ ገንዳ ባመጡት መጠን ልክ የሚከፈላቸው ሆኑ። ይህ አሠራር ለድኻው በጆንያ ከመክፈል ይቀላል፤ ውሃ በጥቂቱ የሚጠቀም ጥቂት ይከፍላልና፣ ጥራጊውንም ከቤቱ ባወጣ ቍጥር ኪሱን አይዳስስም። ይህ መልካሙ ትምህርት ነው። ሁለተኛው ትምህርት ግን መራራ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ማለት በማርች 11 ቀን 2017፣ በረጲ ያለው የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ፈጀ። ከዚህ የምንረዳው፣ ገንዘቡ በመልካም መንገድ ቢሰበሰብም፣ ለማንሣቱ ብቻ ከዋለና የመጨረሻው ማረፊያ ከተረሳ፣ ሞቱ ቦታ ለወጠ እንጂ አልቀረም ማለት ነው።

እንግዲህ ለካምፓላ የሚበጃት ምንድር ነው? በመጀመሪያ፣ ከቤት የሚወጣውን ጥራጊ ማንሣት እንደ መንገድ መብራት ለሁሉ የሚሰጥ የጋራ አገልግሎት ሊሆን ይገባል፤ ወጪውም ከቤት ግብር ይሸፈን። ለዚህም በ2006 የተሰጠው ነጻነት ተሻሽሎ፣ ባለቤቱ የሚኖርበትም ቤት በግምቱ ልክ የሚገባውን ይክፈል። «ቤት እንጂ ገንዘብ የሌላት መበለት ምን ታድርግ?» የሚል ክርክር ይነሣል፤ ክርክሩም እውነትነት አለው። መልሱ ግን ግምቱ ከተወሰነ ልክ በታች የሆነውን ቤት በሕግ ነጻ ማድረግ ነው እንጂ፣ በመበለቲቱ ስም ባለ ብዙ ፎቁን ሁሉ ነጻ ማውጣት አይደለም።

ሁለተኛ፣ በልክ መክፈል ጨርሶ ይቅር ማለት አይገባም፤ በቦታው ይግባ እንጂ። ሆቴሎች፣ ፋብሪካዎች፣ ትልልቅ መደብሮች ጥራጊያቸው ይታወቃል፣ ይመዘናል፤ በሌሊት ከቦይ ሊጥሉትም አይቀላቸውም። በእነዚህ ላይ የክብደት ዋጋ ቢደረግ፣ የሚጥሉትን እንዲቀንሱ፣ የሙዝ ልጣጩንም ከቆሻሻ ለይተው ለከብት ቀለብ እንዲያውሉት ያተጋቸዋል።

ሦስተኛ፣ ከሚሰበሰበው ገንዘብ ውስጥ አንዱ ክፍል ለማረፊያው ስፍራ ብቻ ተለይቶ ይቀመጥ። ከኪቴዚ አደጋ በኋላ የከተማይቱ አስተዳደር በምፒጊ አውራጃ በቡያላ ለዚሁ ሥራ የሚሆን መሬት ገዝቷል። መሬት መግዛት ግን መጀመሪያ ነው። ጥራጊው በየዕለቱ ዐፈር እንዲለብስ፣ ፍሳሹ እንዲጣራ፣ ቍልቍለቱ እንዲለካ፣ ስፍራው ሲሞላም በጊዜው እንዲዘጋ የሚያደርግ የማያቋርጥ ገንዘብ ከሌለ፣ ቡያላ የነገው ኪቴዚ ከመሆን የሚያግደው ነገር የለም።

አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይቀራል። ይኸውም ሕዝቡ «ግብሩን ብንከፍል በሹማምንት እጅ ይቀልጣል፤ ለኩባንያው የምንከፍለው ግን ቢያንስ መኪናው ሲመጣ እናየዋለን» ማለቱ ነው። ይህ ጥርጣሬ ከመሬት የተነሣ አይደለም፤ በስድብም ሆነ በቅጣት አይጠፋም። የሚጠፋው ሒሳቡ በመገለጡ ነው። በእያንዳንዱ ሰፈር ጽሕፈት ቤት በር ላይ፣ ሕዝቡ በሚያነበው በሉጋንዳ ቋንቋ፣ በዚህ ወር ከዚህ ሰፈር ይህን ያህል ገንዘብ ተሰበሰበ፣ መኪናው ይህን ያህል ቀን መጣ፣ ለማረፊያው ስፍራም ይህን ያህል ተቀመጠ የሚል ወረቀት ቢለጠፍ፣ ከፋዩ ራሱ ተቈጣጣሪ ይሆናል።

ጥራጊ ከቤት ሲወጣ የአንድ ሰው ነው፤ ከደጅ ሲደርስ ግን የከተማው ሁሉ ነው። ስለዚህ ዋጋውን በየደጁ ለየብቻ መተመን፣ መክፈል ለሚችለው ንጹሕ ደጅ ይሰጠዋል እንጂ ንጹሕ ከተማ አይሰጠውም። በኪቴዚ የተቀበሩት ሰዎች የከተማውን ሁሉ ዕዳ ብቻቸውን ከፍለዋል። የካምፓላ ሸንጎና የኡጋንዳ ምክር ቤት ይህን ዕዳ ለሁሉ እንደ አቅሙ ቢያካፍሉት፣ ለሙታኑ ከሚቆም ሐውልት ሁሉ የሚበልጥ መታሰቢያ ይሆናል። ሌሎቹም የአፍሪካ ከተሞች የራሳቸው ክምር እስኪናድ ሳይጠብቁ ሒሳባቸውን ቢመረምሩ ይጠቀማሉ።